ስሙ ዓረፍተ ነገር የሆነ ሰው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ

የአማርኛን ሰዋስው የሚያስተምሩ መጻሕፍት ስለ ተጸውዖ ስም ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ በአጭሩ ያልፉታል። ተጸውዖ ስም አንድን ሰው ወይም አንድን ቦታ ለይቶ የሚጠራ ነው ይሉና፥ አበበንና ጐንደርን ምሳሌ አድርገው፥ ወደ ሌላው የስም ዓይነት ይሻገራሉ። ነገር ግን አበበ ስም ከመሆኑ በፊት አንቀጽ ነው፤ አንቀጽም እንደ መሆኑ ባለቤቱንና ጊዜውን በውስጡ ይዞ የሚኖር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ልብ ያልነው እንደ ሆነ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ራሱ ዓረፍተ ነገር የሆነ ስም በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ይልቁንም ስሙ ያልተለመደ ሲሆን፥ ደግሞም የአባት ስም ሆኖ ከሌላ ስም በኋላ ሲቆም፥ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ እንዳይመስል ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። እኛ ተማሪዎች የምርምር ጽሑፍ ስናዘጋጅ ደራሲን የምንጠቅሰው ከውጭ መጻሕፍት በተማርነው ደንብ ነው፤ ይኸውም የመጨረሻውን ስም መያዝና የፊተኛውን በአንዲት ፊደል ማሳጠር ነው። ደንቡ የተሠራው የቤተ ዘመድ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። በእኛ ዘንድ የመጨረሻው ስም የአባት ስም ስለ ሆነ፥ ደንቡን እንዳለ ስንወስደው የጻፈው ሰው ይቀርና ያልጻፈው አባቱ ደራሲ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን የልማድ ልዩነት ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ነገሩ የሰዋስውም ጉዳይ መሆኑን ማሳየት ነው። የአማርኛ አንቀጽ ራሱ ይህን ደንብ አይቀበለውም።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንመልከት። ከበደ፥ ተሰማ፥ ታደሰ፥ በቀለ፥ ደመቀ የኃላፊ ጊዜ አንቀጾች ናቸው። ይልማና ይርጋ ምኞትን ይናገራሉ፤ ይበልጣል ትንቢት ነው፤ ግዛውና አስፋው ትእዛዝ ናቸው። እነዚህ የተለመዱ በመሆናቸው ጆሯችን ስምነታቸውን እንጂ አንቀጽነታቸውን አይሰማም። አልፎ አልፎ የሚገኙት ግን ገና ሲጠሩ ያስቆማሉ። ማንያዘዋል ጥያቄ ነው፤ ማን ያዝዘዋል? ማንደፍሮም ጥያቄ ነው፥ ያውም ያላለቀ ጥያቄ፤ ማን ደፍሮ ብሎ በቦዝ አንቀጽ ላይ ይቀራል። አትጠገብ አሉታ ነው። ዓለማየሁ፥ ስንታየሁና እጅጋየሁ «አየሁ» የሚለውን አንቀጽ ይዘዋል፤ ዓለም አየሁ፥ ስንት አየሁ፥ እጅግ አየሁ ማለት ነው። የኔነህ፥ አንተነህ፥ ጥሩነሽ፥ ብዙነሽ ደግሞ ፊት ለፊት ላለ ሰው የተነገሩ ቃላት ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የተናጋሪው ማንነት ነው። ዓለማየሁ በሚለው ስም ውስጥ «አየሁ» የሚለው ማን ነው? ሕፃኑ አይደለም፤ እርሱ ገና ምንም አላየም። ተናጋሪው ወላጁ ነው። በእርሱ መወለድ ዓለምን አየሁ ያለው አባት ወይም ያለችው እናት ናት። የኔነህ የሚለውም እንደዚሁ ለልጅ የተነገረ የወላጅ ቃል ነው። ስለዚህ ልጁ አድጎ በአንድ መሥሪያ ቤት ፊት ቆሞ «የኔነህ እባላለሁ» ሲል፥ በአራት ቃል በማይሞላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሰዎች ይናገራሉ። «ነህ» ያለው ወላጅ ነው፤ «እባላለሁ» ያለው ልጅ ነው። በማንያዘዋል ደግሞ ልጁ ተሳቢ ሆኖ ተቀምጧል፤ በ«ዋ» ውስጥ በተዋሐደው «ው» የተመለከተው እርሱ ነው። አዛዥ የለበትም ለማለት የተሰጠ ስም ቢሆንም፥ ስሙን የሸከመው ሰው በየዕለቱ ይታዘዛል፤ «ማንያዘዋልን አዘዙት» ብንል ማንም አይደነቅም።

የማይደነቅበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። አንቀጹ ስም በሆነ ጊዜ በውስጡ ያለው ሰዋስው ታሽጓል። ከዚህ በኋላ የውጭው ዓረፍተ ነገር ስሙን እንደ አንድ ቃል ያየዋል እንጂ የውስጡን ባለቤት፥ ጊዜና ፆታ አይጠይቅም። «ተሰማ ነገ ይመጣል» እንላለን፤ የስሙ ኃላፊነት የነገውን ትንቢት አያውከውም። «ዓለማየሁ መጣ» እንላለን፤ በስሙ ውስጥ «አየሁ» የሚለው አንደኛ መደብ ውጭ ያለውን አንቀጽ «መጣሁ» አያሰኘውም። «አትጠገብ ጠገበች» ብንል ንግግሩ ትክክል ነው። «ማንያዘዋል ታመመ» በሚለው ውስጥ «ማን» ቢኖርም የጥያቄ ምልክት አናደርግበትም። ስንታየሁ ወንድም ሴትም ይጠራበታል፤ ፆታውን የምናውቀው መጣ ወይም መጣች ከሚለው ከውጭው አንቀጽ ብቻ ነው።

ለመታሸጉ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ሆኖ ያገኘሁት «የ» የምትባለው ፊደል ጠባይ ነው። በተራው ንግግር «የእኔ ቤት» የሚለው ላይ «ከ» ሲጨመርበት «የ» ይወድቃል፤ «ከእኔ ቤት መጣ» ይባላል እንጂ «ከየእኔ ቤት» አይባልም። እንዲሁም ሁለት «የ» ጐን ለጐን አይቆሙም፤ «የእኔ ወንድም ቤት» በሚለው ውስጥ አንዱ «የ» ለሁለቱም ይበቃል። ወደ የኔነህ ስንመጣ ግን ሕጉ ይቆማል። «ከየኔነህ ቤት መጣሁ»፥ «የየኔነህ መጽሐፍ» ይባላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ የሺ እመቤት ነበሩ፤ ስለ እርሳቸው ስንጽፍ «የየሺ እመቤት ልጅ» ማለት ግድ ይሆናል። ማሸጊያው ባይኖር ኖሮ ፊደሏ እንደ ልማዷ በወደቀች ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሁለት «የ» ሲያዩ የፊደል ስሕተት መስሏቸው አንዱን ይሰርዛሉ፤ ሰርዘውም ሰውየውን ኔነህ ያደርጉታል።

ይሁን እንጂ ማሸጊያው ከሁሉም በኩል ጠንካራ አይደለም። ስሙ ከጫፉ ላይ ከመስተዋድድ ጋራ በሚገናኝበት ቦታ ይላላል። «የታደሰ ቤት» የሚለውን እንመልከት። ታደሰ የሚባል ሰው ቤት ነው ወይስ እድሳት የተደረገለት ቤት? «የታደሰ መታወቂያ ይዘህ ና» የተባለ ባለ ጉዳይ የታደሰን መታወቂያ ፍለጋ ቢሄድ ከሰዋስው በኩል የሚፈርድበት የለም። «የተሰማ ወሬ» ተሰማ ያወራው ነው ወይስ ጆሮ የደረሰ? «ከከበደ ተወው» ሲባል ከከበደ ዘንድ ተወው ነው ወይስ ከብዶህ እንደ ሆነ ተወው? ነገሩ የሚፈታው በጥቂት ብልሃት ነው። «የታደሰው ቤት» ካልን ስም መሆኑ ይቀራል፤ ተጸውዖ ስም «ው» አይጨመርበትምና። «የአቶ ታደሰ ቤት» ካልን ደግሞ አንቀጽነቱ ይቀራል።

ድምፅ ሲዋሐድ ነገሩ ይብሳል። ስንናገር «ለአበበ» የሚለውን «ላበበ»፥ «ከአስፋው» የሚለውን «ካስፋው» እንላለን። አሁን «ለአስፋው» የሚለውን እንደ ንግግሩ ጻፉት፤ «ላስፋው» ይሆናል። ልብስ ሰፊ ደንበኛውን «ላስፋው?» ብሎ ቢጠይቅ ልብሱን ሰፋ ላድርገው ማለቱ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ፥ በሌላው ቃል ላይ ቢዋሐድም እንኳ፥ በሰው ስም ላይ መስተዋድዱን ሳይዋሐድ መጻፍ የተሻለ ይመስለኛል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ማንደፍሮ ነው። ቦዝ አንቀጽ ሁልጊዜ የሚያሳርፈውን ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። ስሙ በቦዝ ስለሚያልቅ፥ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን አንቀጽ ሁሉ ማሰሪያው ሊያደርገው ይሻል። «ማንደፍሮ ገባ» ብለን ስንናገር የሚሰማን ሰው «ማን ደፍሮ ገባ?» ያልን ሊመስለው ይችላል። ጽሑፍ ሲሆን ፊደሉ ተጋጥሞ በመጻፉ ይለያል፤ በንግግር ግን የሚለየው የድምፁ አነሣሥ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ያልተለመደ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይገባም፤ አጃቢ ያስፈልገዋል። «ማንደፍሮ የሚባል ሰው ገባ» እንላለን። ከበደን ግን «ከበደ የሚባል ሰው» የምንለው ሰውየውን ካላወቅነው ብቻ ነው፤ ስሙን ለማስረዳት አይደለም። አቶ፥ ወይዘሮ፥ እነ፥ የሚባል፥ እነዚህ ሁሉ ለስሙ በር ይከፍቱለታል። አባቶቻችን በፈረስ ስም ላይ ያደረጉት «አባ» ተመሳሳይ ሥራ ነበረው። ታጠቅ ብቻውን ትእዛዝ ነው፤ አባ ታጠቅ ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ዳኘው ብቻውን አንቀጽ ነው፤ አባ ዳኘው ግን ዐፄ ምኒልክ ናቸው። የራስ መኰንን አባ ቃኘው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ወደ ኮርያ ለዘመተው ሻለቃ ጦር ስም በሆነ ጊዜ «አባ» ቀርቶ «ቃኘው ሻለቃ» ተባለ፤ ሻለቃ የሚለው ቃል አጃቢነቱን ስለ ተረከበ «አባ» አላስፈለገም።

አሁን ወደ አባት ስም እንለፍ። በአማርኛ ስምና የአባት ስም ያለ አንዳች ማያያዣ ጐን ለጐን ይቆማሉ። «የ» የለበትም፥ «ወልድ» የለበትም፥ ልጅ የሚል ቃልም የለበትም። የፊተኛው ስም ተራ ስም፥ የኋለኛው ደግሞ አንቀጽ ሲሆን ሁለቱ ተጋጥመው አዲስ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። ዝናቡ የሚባል የከበደ ልጅ ቢኖር፥ ስሙ ሲጠራ የአየር ጠባይ ወሬ ይመስላል፤ «ዝናቡ ከበደ»። ደስታ የተሰማ ልጅ ቢሆን፥ ስሙ ሲጠራ ደስታው ለማን እንደ ተሰማ ብቻ ያልተነገረ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግጥጥሙ ከታሰበበት ይልቅ ያምራል። በቴአትር ሥራ የሚታወቁትን ማንያዘዋል እንደሻውን እንውሰድ፤ ልጁ ማን ያዝዘዋል ብሎ ይጠይቃል፥ አባቱ እንደ ሻው ብሎ ይመልሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ዓረፍተ ነገሩን የሚመራው የፊተኛው ስም ብቻ ነው። «አልማዝ ተሰማ መጣች» እንላለን፤ ተሰማ ወንድ ቢሆንም፥ አንቀጽነቱም ወንድን ቢያመለክት፥ ማሰሪያው የሚስማማው ከአልማዝ ጋራ ነው። «ወይዘሮ አልማዝ» ይባላል እንጂ «ወይዘሮ ተሰማ» አይባልም። ብታገባም የባሏን ስም አትወስድም። እንግዲህ የውጭውን ደንብ ተከትለን አልማዝን ትተን ተሰማን ብቻ ያስቀረን እንደ ሆነ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርልናል። «ተሰማ ትላለች» ካልን አባትየውን ሴት አደረግነው። «ተሰማ ይላል» ካልን ልጅቱን አጠፋናት። እንግሊዝኛ ይህ ችግር የለበትም፤ አንቀጹ ወንድና ሴት አይለይምና ስሙ የማንም ቢሆን ዓረፍተ ነገሩ አይሰበርም። የደንቡ ባለቤቶች ችግሩን ያላዩት ቋንቋቸው ስላላሳያቸው ነው ለማለት ይቻላል።

አንድ ሰው በዚህ ላይ ሊቃወመኝ ይችላል። በምርምር ጽሑፍ ደራሲን የምንጠቅሰው በአንቱታ ነው፤ አንቱታ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም፤ «ተሰማ ጽፈዋል» ቢባል ምን ይጐዳል? በእውነት አንቱታ ፆታን ይሸፍናል። ነገር ግን ሲሸፍን የባሰ ነገር ያመጣል፤ አባትና ልጅ ፈጽሞ እንዳይለዩ ያደርጋቸዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ደራሲና መምህርት ነበሩ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ራሳቸው የተማሩና ስማቸው በታሪክ የተጻፈ ሰው ናቸው። «ገብሩ ጽፈዋል» ብሎ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር የትኛውን ያሳያል? አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ አባትየውን ይረዳል። የልጅቱ ድካም ለአባት ተሰጠ ማለት ነው፥ ያውም አንድም የሰዋስው ስሕተት ሳይታይበት። «ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ» ብንልም እንደዚሁ ነው፤ መጽሐፉን ያሳተሙት ሐዲስ ናቸው።

የቤተ ዘመድ ስም በአገራችን በሕግ ተሞክሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው በ32ኛው ቍጥር ደንግጎ ነበር። በኑሮ ግን ሕዝቡ አልሠራበትም። የሕግ ተማሪዎች ለዚህ የራሳቸውን ምክንያት ይሰጡ ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ፥ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚቆምበት ቦታ ያልተዘጋጀለት ስም በሕግ ብቻ ሥር ይሰዳል ብዬ አላምንም።

በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ከውጭ አገር የመጡ አንድ መምህር ተማሪውን ሁሉ በአባቱ ስም ይጠሩ ነበር። በክፍላችን አባታቸው ከበደ የሚባል አራት ልጆች ነበሩ፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋራ አይዛመዱም ነበር። መምህሩ «ከበደ!» ባሉ ጊዜ አራቱ አብረው ይነሡና፥ እርስ በርስ ይተያዩና፥ አብረው ይቀመጡ ነበር። መምህሩ ደግ ሰው ስለ ነበሩ ከመቈጣት ይልቅ ይሥቁ ነበር።

በአደባባይም ያው ይታያል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በአትላንታ፥ በ2000 በሲድኒ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ ያሸነፈው ኃይሌ ነው፤ የውጭ ጋዜጦች ግን ገብረ ሥላሴ አሸነፈ ብለው ጻፉ፤ የሮጡት አባቱ ይመስል። በ2004 በአቴንስ ደግሞ እጅጋየሁ ዲባባ በ10,000 ሜትር የብር፥ እኅቷ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኙ። «ዲባባ ሜዳልያ አገኘች» የሚለው ዜና ስለ ሁለቱም እውነት ነው፥ ስለ ሁለቱም ግን ምንም አይነግርም። የሚያሳዝነው፥ የተጣሉት ስሞች «እጅግ አየሁ» እና «ጥሩ ነሽ» የሚሉ መሆናቸው ነው። ለዚያ ቀን ከእነርሱ የተሻለ ዜና ማን ይጽፋል?

ከግዕዝ በተወረሱት ጥምር ስሞች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ገብረ ማርያም፥ ወልደ ጊዮርጊስ፥ ኃይለ ሥላሴ፥ ሀብተ ሚካኤል፥ ወለተ ጻድቅ ሁለት ቃል ቢመስሉም አንድ ስም ናቸው፤ የፊተኛው ቃል ያለ ኋለኛው አይቆምም። ገብረ ማለት የእገሌ አገልጋይ ማለት ነውና የማን ሳይባል ያልቃል ማለት አይቻልም። አማርኛ እነዚህን ሲያሳጥር ጠንቅቆ ነው፤ የፊተኛውን ይይዝና መጨረሻውን ለውጦ ገብሬ፥ ወልዴ፥ ኃይሌ፥ ሀብቴ ያደርገዋል። በዚህ ለውጥ ቃሉ የማን የሚለውን መጠበቅ ይተዋል፥ ራሱን ችሎ ይቆማል። የኋለኛውን ብቻ ይዞ ሰውን መጥራት ግን በአማርኛ የለም። የውጭ ጸሐፊዎች ንጉሠ ነገሥቱን «ሥላሴ» እያሉ ብዙ ጽፈዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሳችሁ «ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ» ብላችሁ አንብቡት፤ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ድፍረት ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲነግሡ የተዉት ተፈሪ የሚለው ስም ደግሞ በጃማይካ ከማዕርጉ ጋራ ተዋሕዶ የአንድ እምነት ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ራስና ተፈሪ እዚያ አንድ ቃል ናቸው። ስም ከአገሩ ሲወጣ አንዱ ይቈረጣል፥ አንዱ ይጣበቃል።

ወገኖቻችን በሰፈሩባቸው አገሮች ይህ ከጽሑፍ አልፎ ወደ ቤት ገብቷል። በአሜሪካ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ባል፥ ሚስትና ልጆች በመዝገብ ሦስት የቤተሰብ ስም አላቸው፤ የባልየው የአባቱ ስም ነው፥ የሚስቲቱ የአባቷ ስም ነው፥ የልጆቹ ደግሞ የባልየው የራሱ ስም ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1984ና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤልም የቤተሰብ ስም ሲያስፈልጋቸው ብዙዎቹ የአባት ወይም የአያት ስም አስመዝግበዋል። በውጭ አገር የተወለዱት ልጆች የራሳቸውን ልጆች ሲያስመዘግቡ ብዙ ጊዜ የአያትየውን ስም ያስቀጥላሉ፤ ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ይቆምና የአባት ስም የነበረው እውነተኛ የቤተ ዘመድ ስም ይሆናል። አያትየው የኔነህ ከነበረ፥ የልጅ ልጁ በትምህርት ቤቷ ሚስ የኔነህ ትባላለች። አማርኛ የማያውቁት ጓደኞቿ ምንም አይሰማቸውም። አማርኛ የምታውቀው አያቷ ግን «የኔነህ» ስትል ባሏን ትጠራለች እንጂ የልጅ ልጇን አትጠራም፤ ልጅቱን ለመጥራት «የኔ ነሽ» ማለት ነበረባት። እነዚህ ቤተሰቦች ተሳሳቱ ማለቴ አይደለም፤ የሚኖሩበት አገር መዝገብ የሚጠይቀውን መስጠት አለባቸው።

እኛ ግን በራሳችን ኮሌጅ፥ በራሳችን ቋንቋ ስንጽፍ የሚያስገድደን የለም። ስለዚህ ለዚህ መጽሔት ጸሐፊዎችና ለመምህራን የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። ደራሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ስሙና የአባቱ ስም ሳይገለበጡና ሳያጥሩ ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ስም፥ ወይም በማዕርጉና በራሱ ስም ይጠራ። ሁለት ደራሲዎች አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸው በየጊዜው የአባት ስም ይጨመር እንጂ በአባት ስም ብቻ አይለዩ። በእንግሊዝኛ የሚጻፈውም ቢሆን ይህንኑ ቢከተል ነውር የለውም። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን አገር በአምስት ጥራዝ የታተመው ኤንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚመዘግበው በራሳቸው ስም ነው። ባዕዳን ያከበሩትን እኛ የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም። በላቲን ፊደል ስንጽፍ ደግሞ ጥምር ስሞችን አንድ ላይ አጋጥመን ብንጽፋቸው በመዝገብ ውስጥ ከመቈረጥ ይድናሉ።

አንድ ነገር ብቻ ገና መነጋገሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ይኸውም የፊደል ተራ ነው። በራስ ስም እንመዝግብ ስንል ኃይለ፥ ሐዲስና ሀብተ በአንድ «ሀ» ሥር ይሰብሰቡ ወይስ እያንዳንዳቸው በየፊደላቸው ይቀመጡ? ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ተማሪው በአንዱ ፈልጎ ባጣ ጊዜ መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል። እኔ በአንድ ሥር ይሰብሰቡ እላለሁ፤ በካርዱ ላይ ግን ስሙ ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይጻፍ። ግዕዝ የሚያውቁ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፤ በሚቀጥለው ቍጥር መልሳቸውን እንዲጽፉ ጠይቄአቸዋለሁ።